የእሑዱ እርማት

ደረጃ አራት «የድሮውን ፎልደር ይሰርዙ» ይላል። ደረጃ አምስት «የካርዶቹን ቅጂ ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ» ይላል።

እናትየው ቀዩን እስክሪብቶ በሁለት ጣቷ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ እንደገና አነበበችው። ያው ነው። ሰው መጀመሪያ ከሰረዘ በኋላ የምኑን ቅጂ ነው የሚያስቀምጠው? ቤት አቃጥሎ ሲያበቃ ዕቃ ለማውጣት እንደ መግባት ነው። ቅጂው መቅደም፣ መሰረዙ መከተል ነበረበት፤ ይህ ለሕፃንም አይጠፋውም።

ከወረቀቱ ግርጌ «መጨረሻ የታረመው» ተብሎ የታተመው ቀን ያለፈው እሑድ ነው። ዛሬ ቅዳሜ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ገጽ ስድስት ቀን ሙሉ በዚህ መልኩ ለዓለም ተከፍቶ ቆይቷል ማለት ነው። በእነዚህ ስድስት ቀናት ማን አንብቦ ማን እንደተከተለው እግዜር ይወቅ። እሑድ ዕለት ገጹን የነካው ማን እንደሆነ ግን እሷም ታውቃለች። ራሷ ነበረች።

ትዝ አላት። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ ዓረፍተ ነገሩ ረዘመብኝ ብላ ለሁለት ከፈለችው። አንዱን ቆርጣ አነሳች። ይኼኔ ስልክ ጠራ። ስልክ ሲጠራ እሷ ሁልጊዜ የምትጠብቀው መርዶ ነው፤ ሮጣ አነሳችው። «ጎማ ቤት ነው?» አለ አንድ ሰውዬ። አይደለም ብላ ዘጋችበት፣ ልቧ ወደ ቦታው እስኪመለስ ጥቂት ቆመች፣ ተመልሳ የቆረጠችውን ዓረፍተ ነገር ለጠፈችው። አንድ መስመር ዝቅ አድርጋ። ከዚያ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጭና ወጣች። ሰኞ ቢሮ አሳትማ ክላሰር ውስጥ ስትከተውም ያየችው ነጥብና ሰረዙን እንጂ ተራውን አልነበረም።

ከመኝታ ክፍሉ የልጇ ድምፅ ይሰማል። ልጅቷ ላፕቶፗን አልጋው ላይ ዘርግታ ከጉንዳን ጋር እየተነጋገረች ነው።

ጉንዳን ሰው ነው። ቀን ቀን ሆስፒታል ውስጥ የተበላሹ መሣሪያዎች ይጠግናል፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ ከሌሎች ስድስት ሰዎች ጋር ሆኖ ትንንሽ ክሊኒኮች የታካሚ ካርድ የሚይዙበትን ፕሮግራም ይሠራል። ነፃ ሶፍትዌር የሚሉት ዓይነት ነው፤ ማንም ሳይከፍል ይወስደዋል፣ የፈለገ ውስጡን ከፍቶ ያያል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። አብዛኞቹ በአካል ተያይተው ስለማያውቁ የሚጠራሩት በቅጽል ስም ነው። ልጅቷ ድረ ገጹን ትይዛለች። እናትየው ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቷንና የሃያ ሦስት ዓመት የመዝገብ ቤት ልምዷን ይዛ የመመሪያዎቹን ቋንቋ ታርማለች። «ማዘርቦርድ» ብለው ስም ያወጡላት እነሱ ናቸው። ትርጉሙን ስትጠይቅ ልጇ «ያለሷ ማሽኑ አይነሳም ማለት ነው» ብላ ስለነገረቻት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቢሮዋ ውስጥ ለብቻዋ ፈገግ ስትል ነበር።

ዛሬ ለድረ ገጹ ትልቅ ቀን ነው። እስከ ዛሬ ገጾቹ ሰርቨሩ ላይ እንደ ጋራ ጓዳ ነበሩ። የይለፍ ቃሉን የያዘ ሁሉ ገብቶ ያሻውን ያነሳል፣ ያሻውን ይጥላል፤ ማን ምን እንዳደረገ የሚናገር የለም። ፈሪው ከመንካቱ በፊት ቅጂ ያስቀራል። እንዲህ እየተባለ «መመሪያ አዲስ»፣ «መመሪያ አዲስ የመጨረሻ»፣ «መመሪያ የመጨረሻ እውነተኛው» እና «ይህን አትንኩ» የሚባሉ ፋይሎች ተጠራቅመው ልጅቷ ራሷ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቅቷት ነበር። አንድ ወር ለምና፣ ተከራክራ፣ አንድ ሳምንትም አኩርፋ በመጨረሻ አሳመነቻቸው። ከዛሬ ጀምሮ ድረ ገጹ የለውጥ መዝገብ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገው ተጽፎበት ይቀመጣል። ሌላ ሰው አይቶ ሳያጸድቀው ለሕዝብ አይወጣም። ሰርቨሩም ከመዝገቡ ካልሆነ በቀር ከማንም እጅ ምንም አይቀበልም።

ያለፈውን ታሪክ ለማስገባት የድሮዎቹ ቅጂዎች በየቀናቸው መደርደር ነበረባቸው። እነሱን አሳትማ፣ ቀን ጽፋ፣ ክላሰር ውስጥ ያስቀመጠች ደግሞ በዚህ ሁሉ የኮምፒውተር ሰው መሀል እናትየው ብቻ ነበረች። ስትደረድር ነው ያገኘችው።

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማንም ሰርቨሩን አይነካም» ይላል የጉንዳን ድምፅ። «ያኔ ያለውን እንዳለ እናስገባዋለን። ስንት ቀረን?»

«አሥራ ሁለት ደቂቃ» አለች ልጅቷ።

እናትየው ልጇን ልትጠራ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

መዝገብ ቤት ለሚቀጠር አዲስ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ የምታስተምረው አንድ ነገር አለ። የተሳሳተ ነገር አይፋቅም። ከሥር ያለው እየተነበበ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ የሰረዘው ሰው ይፈርምበታል። በዚህ ሕግ የተነሳ ስንቱን አስለቅሳለች። አሁን ግን እጇ ቀደማት። የቤቱን አሮጌ ላፕቶፕ ከፈተች። የይለፍ ቃሉን ከደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ እያየች አስገባች። አምስትን ወደ ላይ አወጣች፣ አራትን አወረደች። አስቀምጥ። አራት ደቂቃ አልፈጀባትም። ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ የሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ማንም አልተጎዳም፣ አለች ለራሷ። የተጎዳ ሰው ቢኖር እስካሁን ይጮህ ነበር።

ይህን ብላ ግን አልተጽናናችም፤ የምትጽናና ሴት አይደለችም። ልጇ አምስት ደቂቃ ከዘገየች መኪና የገጫት፣ ባሏ ካሳለው ሳንባው ያበቃለት የሚመስላት ሰው ናት። ሻይ ልታፈላ ብላ ምድጃው ፊት ቆማ ካርዶቹን ታያቸው ጀመር። የደም ዓይነት። መድኃኒት የማይስማማው ሕፃን። ሦስተኛ ክትባቷን የምትጠብቅ ነፍሰ ጡር። ሁሉም በአንድ ጣት ጠፍተው፣ ሐኪሙ ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጦ።

ሻዩ ገነፈለ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ልጅቷ «እማ፣ ነይማ እስቲ» ብላ ተጣራች።

እናትየው እጇን በጨርቅ እየጠረገች ገባች። ልጅቷ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አድርጋለች። «አንዲት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ግሩፑ ላይ ጽፋለች። አዲሱን እትም ልትጭን ስትል ካርዶቿ ጠፍተውባታል። ጉንዳን መስመር ላይ አስገብቷታል።»

«ስንት ካርድ?»

«አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ።»

እናትየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከላፕቶፑ የወጣት ሴት ድምፅ ይመጣል፤ ያለቀሰችና አሁን ያቆመች ሰው ድምፅ።

«እኔ የተጻፈውን ነው የተከተልኩት።»

«እህቴ፣ አንቺን ለመውቀስ አይደለም» አለ ጉንዳን። «ግን መመሪያው እኮ ፊቴ ላይ ነው። ደረጃ አራት ቅጂ ይያዙ ይላል፣ ደረጃ አምስት ይሰርዙ ይላል። እሱን ተከትለሽ ከሆነ ቅጂው ፍላሽሽ ላይ መኖር አለበት።»

«አሁን ስልኬ ላይ ሳየው እንደሱ ነው የሚለው። ጠዋት ግን እንደሱ አልነበረም።»

«ገጽ በራሱ አይገለባበጥም እኮ እህቴ።»

«ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ መሰረዙ እኔንም ገርሞኝ ነበር። እነሱ ያውቃሉ ብዬ ነው።»

ልጅቷ ማይኩን ዘግታ ወደ እናቷ ዞረች። «ያሳዝናል። ደንግጣ ነው፣ ያደረገችውን ራሷም አታውቀውም።»

 «እነሱ ያውቃሉ ብዬ ነው» የሚለው ቃል እናትየው ጆሮ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

«እንግዲያው እንዲህ እናድርግ» አለ ጉንዳን። ድምፁ የሚያባብል ሰው ድምፅ ነው። «ፍላሹን ሰክተሽ አዲሱን እትም ዝም ብለሽ ጫኚው። ሲነሳ ቅጂውን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ፍላሹ ላይ ሌላ ቦታ ሄዶ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል።»

«ልጫነው?»

«ጫኚው።»

እናትየው ስለ ኮምፒውተር ብዙ አታውቅም። ነገር ግን «ፋይል በስህተት ከተሰረዘ» የሚለውን ገጽ ያረመችው እሷ ናት፤ ሦስት ጊዜ። የተሰረዘ ነገር ወዲያው አይጠፋም፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው አለ፣ ስለዚህ ምንም ሳይጫን ማሽኑ ይጥፋ ይላል። ፍላሹ ላይ ደግሞ ምንም እንደሌለ በዚህ ምድር ላይ የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ናት። ያቺ ሠራተኛ ፕሮግራሙን ከጫነች ካርዶቹ ላይ ነው የምትጭነው።

«እንዳትጭኚው» አለች።

ማይኩ ዝግ ነበር። ልጇ ዞር ብላ አየቻት። «ምን?»

«ክፈችልኝ። ክፈችልኝ ልንገራት።»

ልጅቷ ከፈተችው። እናትየው ወደ ስክሪኑ አጎንብሳ፣ በድሮ የገጠር ስልክ እንደሚናገር ሰው ጮክ ብላ፣ «የኔ እህት፣ ምንም እንዳትነኪ። ማሽኑን አሁኑኑ አጥፊው። ሶኬቱን ንቀዪው» አለች።

«ማን ናቸው?» አለች የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ።

«ማዘር?» አለ ጉንዳን። «ምን ሆኑ?»

«እውነቷን ነው። ጠዋት የነበረው የተገለባበጠ ነው። እሑድ የገለባበጥኩት እኔ ነኝ። ቅድም ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ገብቼ አስተካከልኩት። ለማንም አልተናገርኩም።» ከኪሷ ወረቀቱን አወጣች፤ የሚያያት እንደሌለ ረስታ ወደ ስክሪኑ ዘረጋችው። «ይኸው በእጄ ነው። ፍላሹ ላይ ምንም የለም። ባዶውን ነው የገለበጠችው።»

 ከዚያ ማዶ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«አጠፋሁት» አለች የካርድ ክፍሏ። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ ዓይኔን ነበር የተጠራጠርኩት» አለች።

ጉንዳን ትንፋሹ ይሰማል። «እሺ» አለ። «እሺ። የምትሠሪበት ከኔ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ነው። መሣሪያዬን ይዤ እመጣለሁ። እስክመጣ ማንም እንዳያበራው፤ የጽዳት ሠራተኛም ብትሆን።» ከዚያም፣ «የድረ ገጹ ነገር ለማታ ይቆይ» ብሎ ወጣ። ለማዘርቦርድ የተለየ ቃል አልተናገረም። እናትየው ይህን ልብ አለች።

ከዚያ ያለው መጠበቅ ነው። ልጅቷ ወደ ማድ ቤት ተከትላት መጣች፣ የገነፈለውን ሻይ ከምድጃው ላይ መጥረግ ጀመረች። አጥብቃ ነው የምትጠርገው።

«አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ» አለች በመጨረሻ።

«ስብሰባ ላይ ነበርሽ።»

«እማ።»

«ስብሰባ ላይ አልነበርሽም?»

«ቅድም ደም ግፊት የተነሳብሽ መስሎኝ ነበር፣ እንደዛ ስትገረጪ። ብትነግሪኝ ግሩፑ ላይ እንጽፍ ነበር። ‘ይህን ያደረጋችሁ አቁሙ’ ብለን። ሩብ ሰዓት እናተርፍ ነበር። እሷን ደግሞ ውሸታም ልናደርጋት ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

እናትየው ብርጭቆዎቹን ከመደርደሪያው አውርዳ፣ ንጹህ የሆኑትን፣ እንደገና ማጠብ ጀመረች። «ከዚህ በኋላ እንዳትነኪ ትሉኛላችሁ ብዬ» አለች። «ቢሮ ሁሉም ነገር ወደ ኮምፒውተር ሲገባ እኔን ፋይል አመላላሽ አደረጉኝ። እዚህ ግን ... ጉንዳን ራሱ ‘ማዘር እስኪያዩት አይውጣ’ ይላል። ለምጄው ነበር።»

ልጅቷ ጨርቁን አስቀመጠች። ብርጭቆዎቹን እየተቀበለች ታደርቅ ጀመር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አባትየው ገባ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ቅዳሜም ይዞራል። ጫማውን ሳያወልቅ ሁለቱን አየና፣ «ማን ሞተ?» አለ።

«ካርድ ነው» አለች ልጅቷ።

«የስንት ዓመት ሰው ነበር?»

«አትቀልድ» አለች እናትየው። «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ነው።»

አባትየው ተቀመጠ። ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዱት፤ ሁለቱም እየተቀባበሉ፣ አንዷ ያስቀረችውን ሌላዋ እየሞላች። ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራ አንድ ጊዜ የአንዱን ቤት ቆጣሪ ለጎረቤቱ ጽፌ ሁለቱ ሰዎች እስከ ዛሬ አይነጋገሩም» አለ።

«አስታረቅሃቸው?» አለች ሚስቱ።

«ሰፈሩን ቀየርኩ።»

ልጅቷ ሳትወድ ሳቀች። እናትየው አልሳቀችም። ስልኩን ጠረጴዛው መሀል አስቀምጣ ነበር፤ ምግብ ሲቀርብም አላነሳችውም። ልጅቷ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ያለችው ነገር ሦስት ሰዓት ሊሞላው ነው። ዲስኩ ተቃጥሎ ይሆናል። ጉንዳን አውቶቡሱ ተገልብጦበት ይሆናል። ይህንን ጮክ ብላ ስትናገር ባሏ፣ «አንቺ የገለበጥሽው ይበቃናል፣ አውቶቡሱን ተይው» አላት።

ስልኩ የጮኸው አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ልጅቷ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ተመልሰዋል» አለ ጉንዳን። ከኋላው ማራገቢያ ይሰማል። «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሁለቱ ተመልሰዋል። ሠላሳ ስምንቱ አልሆኑም፣ ተበልተዋል። ከሰዓት በፊት ስትሞክር የጻፈችባቸው ናቸው።»

«የማን የማን ናቸው?» አለች እናትየው። «ሕፃን አለበት?»

«እሷ ታስረዳዎት።»

የካርድ ክፍሏ መጣች። «እትዬ፣ የሠላሳ ስምንቱ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ አለኝ። የዚህ ወር ስለሆኑ ገና አላስወገድኩትም። ሰኞና ማክሰኞ አስገባቸዋለሁ።»

«እኔ መጥቼ ላግዝሽ።»

«አያስፈልግም፣ የሚነበብ ጽሑፍ አለኝ።» ወንበር ስትስብ ተሰማ። «ጣቴ ‘ጫን’ የሚለው ላይ ነበር እኮ እትዬ። ቢዘገዩ ኖሮ ሁሉም አልቀው ነበር። ግን ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ፣ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ራሴን ስረግም ነው የዋልኩት። ይኼ ነገር በቀላሉ የሚወጣልኝ አይመስለኝም።»

«አይውጣልሽ» አለች እናትየው። «መብትሽ ነው። ሰኞ አለቃሽ ከጠየቀሽ የኔን ስምና ስልክ ስጪው። ስህተቱ የኔ እንደሆነ ራሴ እነግረዋለሁ። ይጻፉልኝ ብትዪኝም በወረቀት ፈርሜ እልክልሻለሁ።»

«ፈርመው?»

«ፈርሜ።»

«እሱ ሳይሻል አይቀርም» አለች የካርድ ክፍሏ። ድምፅዋ ትንሽ ለሰለሰ። «አለቃዬ የሚያምነው ፊርማ ነው።»

ሳህኖቹ ከተነሱ በኋላ ልጅቷ ላፕቶፗን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አመጣች። ጉንዳን ከአውቶቡስ ውስጥ ሆኖ በጽሑፍ «ቀጥሉ፣ እኔ እከታተላለሁ» ብሏል። ክላሰሩ ተከፈተ። እናትየው ከክላሰሩ ቀኑን ትናገራለች፣ ልጅቷ የዚያን ቀን ቅጂ ፈልጋ ወደ መዝገቡ ታስገባለች፣ ማን እንደነካውና ለምን እንደሆነ አንድ መስመር ትጽፋለች። ሥራው ይሄዳል። «መመሪያ የመጨረሻ እውነተኛው» ከ«መመሪያ አዲስ» በፊት የተጻፈ ሆኖ ተገኘ፤ አባትየው ከሶፋው ላይ፣ «ታዲያ ምኑ ላይ ነው እውነተኛ የሆነው?» አለ።

እሑድ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ቆመች።

«ይኼን እንዝለለው እማ» አለች። «የዛሬውን ትክክለኛውን ብቻ ላስገባ። ከእሑድ በፊት ካለው በቀጥታ ወደ ዛሬው። ማንም አይጠይቅም፣ ጉንዳንም ምንም አይልም። ይኼ መዝገብ ለዓለም የተከፈተ ነው፤ ዛሬም የዛሬ ዓመትም ማንም ገብቶ ያነበዋል።»

«እሷም?»

«ማን?»

«የካርድ ክፍሏ። ገብታ ታነበዋለች?»

«ከፈለገች።»

«ጠዋት ያየችውን ገጽ ፈልጋ ብታጣው፣ እንደገና ዓይኗን ልትጠራጠር ነው።» እናትየው ወንበሯን ወደ ላፕቶፑ አስጠጋች። «መዝገብ ስርዝ ድልዝ ሳይኖርበት ሲቀር አንድ ሰው ገጽ ቀዷል ማለት ነው። ሁለቱንም አስገቢ፤ የተሳሳተውንም፣ ተደብቄ ያስተካከልኩትንም። ማስታወሻውን እኔ እጽፈዋለሁ።»

ልጅቷ ላፕቶፑን ገፋ አደረገችላት። እናትየው በሁለት ጣት፣ ፊደል እየፈለገች ጻፈች። ለእሑዱ፣ «ዓረፍተ ነገር ሳሳጥር ደረጃ አራትንና አምስትን ገለባበጥኩ። ተራውን አላየሁም።» ለቅዳሜው፣ «ስህተቱን አግኝቼ ለማንም ሳልናገር አስተካከልኩ። መናገር ነበረብኝ።» ከሁለቱም ሥር ስሟን ከነአባቷ አስገባች። ደጋግማ አነበበችውና «መናገር» የሚለውን ቃል ካስተካከለች በኋላ ነው የላከችው።

የቀረው ሥራ አንድ ሰዓት አልፈጀም። የመጨረሻው ገጽ ከገባ በኋላ ልጅቷ ሰርቨሩን ከመዝገቡ ጋር አገናኘችው፤ ከዚያም የድሮውን የይለፍ ቃል ሻረችው።

«የኔንም?» አለች እናትየው።

«የሁላችንንም። የጉንዳንንም። ከአሁን በኋላ ማንም በእጁ አይነካም። ለውጥ ያለው ሰው እዚህ ያቀርባል፤ ሌላ ሰው አይቶ ‘ይሁን’ ሲል ብቻ በራሱ ይወጣል። ነጠላ ሰረዝም ብትሆን።»

«እኔም ማቅረብ እችላለሁ?»

«አንቺ ካላቀረብሽ ማን ሊያቀርብ ነው?» አለች ልጅቷ፤ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

እናትየው መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው። ቆየት ብላ፣ «እንግዲያው አንድ አለኝ» አለች። «በአራትና በአምስት መሀል አንድ ደረጃ ይግባ። ‘ከመሰረዝዎ በፊት ፍላሹን ከፍተው ካርዶቹ መኖራቸውን በዓይንዎ ይዩ’ የሚል። ተራው ልክ ቢሆንም ሰው ይዘላል። ፍላሽ ይበላሻል። መብራት ይጠፋል። የማይሆን ነገር የለም።»

ልጅቷ ጻፈችው፣ እናትየው አረመችው። ስክሪኑ ላይ «የሚያጸድቀው» የሚል ባዶ ቦታ፣ ከሥሩም የሰባቱ ሰዎች ቅጽል ስም ተዘረዘረ።

«እኔ አጸድቀዋለሁ፤ አንድ ደቂቃ ነው» አለች ልጅቷ። «አሁኑኑ ይወጣል።»

እናትየው ዝርዝሩን በጣቷ እስከ ታች ወረደችው። «እሷ የለችም?»

«የካርድ ክፍሏ? አባል አይደለችም እኮ።»

«ነፃ ነው፣ ማንም ገብቶ ያሻሽላል ብላችሁ የለ? እንደሷ አድርጎ ያነበበው ሰው የለም። ሦስት ጊዜ አንብባ መሰረዙ መቅደሙ ገርሞኝ ነበር ያለች እሷ ናት። እኛ አልገረመንም።»

ልጅቷ እናቷን አየቻት፤ ከዚያ ለጉንዳን ጻፈች። መልሱ ቶሎ መጣ፦ «ማዘር ያሉት ይሁን። ግብዣውን ልኬላታለሁ። ግን ዛሬ ደክሟታል፣ ከጠዋት በፊት አታየውም።»

«አየሽ?» አለች ልጅቷ። «እስከ ነገ ተንጠልጥሎ ሊያድር ነው። ለዛሬ እኔ ልበለው፣ እሷ ነገ ትየው።»

እናትየው ስለ ሌሊቱ አሰበች። ነገ እሑድ ነው፤ እሑድ ጠዋት ተነስቶ አዲሱን እትም የሚጭን፣ ቅጂውን ሳያይ የሚሰርዝ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ይኖር ይሆናል። ሊኖር ይችላል። ተራው ግን አሁን ልክ ነው፤ የምትጨምረው አንድ መስመር ነው። ያንን መስመር ደግሞ ልጇ ጎኗ ተቀምጣ እያየቻት «ይሁን» ብትለው፣ የካርድ ክፍሏ ጠዋት ስትነሳ ያለቀ ነገር ነው የምታገኘው።

«ይደር» አለች።

«ይደር? አንቺ?»

«እሷ ትየው። ካልጣማት ትመልሰው።»

በባዶው ቦታ የካርድ ክፍሏን ስም አስገቡና ላኩት። ስክሪኑ ላይ «በመጠበቅ ላይ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ልጅቷ ላፕቶፑን ዘግታ ወደ መኝታዋ ሄደች። አባትየው ቆሻሻውን አውጥቶ እጁን በሱሪው እየጠረገ ተመለሰና፣ «ሌላ የሚወጣ ሰው አለ?» አለ።

«የለም» አለች እናትየው። ተነስታ በሩን ቆለፈች።